የድሮ ፈገግታዋ ናፈቀኝ

ኢንተርኔት ላይ ያለው የወላጆች መወያያ ክር የተከፈተው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ነው። በዚያ ሰዓት የሚጽፍ ሰው ወይ አራስ ነው ወይ ዘበኛ። እሷ ደሴ የምትኖር እናት ናት። ልጇ አምስት ወሯ ነው። ከንፈሯም ትናጋዋም ተሰንጥቆ ነው የተወለደችው። ከሦስት ሳምንት በፊት ከንፈሯ ተሰፋ። ጎረቤት እልል አለ፣ አማቷ ድፎ ደፉ፣ ባሏ ፎቶውን ለዘመድ ሁሉ ላከ። እሷ ግን ሰው ሲተኛ ሽንት ቤት ገብታ ስልኳ ላይ ያሉትን የድሮ ፎቶዎች እያየች ታለቅሳለች። የድሮው ፊት ናፍቋት ነው። ልጅቷ ያኔ ስትስቅ ከንፈሯ ለሁለት ተከፍሎ እስከ ጉንጮቿ ይሄድ ነበር፣ ፊቷ በሙሉ ሳቅ ይሆን ነበር። አሁን የምትስቀው ትንሽ፣ ቁጥብ ያለች ሳቅ ናት። ጥያቄዋ አጭር ነው። አብጃለሁ ወይ? እግዜርን ማስቀየምስ አይሆንብኝም ወይ?

እኔ ክሩን ያነበብኩት ጠዋት የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ነው። ሦስት ታክሲ አሳለፍኩ። የእኔም ልጅ እንደዚያው ሆኖ ነው የተወለደው፣ ስለዚህ ከዳር ቆሞ የሚያወራ ሰው አይደለሁም። መልሶቹን በየቁጥራቸው አወራችኋለሁ። ቃል በቃል ግን አልገለብጥም። ሰዎቹ የጻፉት ለእሷ ነው።

መልስ 1 እና 2 የተለመዱት ናቸው። አንዷ እንኳን ደስ አለሽ ብላ ጀመረችና ተመስገን በይ፣ ስንቱ ልጁን ቀብሮ የሚያለቅስ አለ ብላ ጨረሰች። ሁለተኛው ደግሞ ልጅቷ ስታድግ ጠባሳው እንኳ እንደማይታይ ማለላት። ክፋት የላቸውም። ግን ሁለቱም የጠየቀችውን አልመለሱም። ተመስገን በይ ማለት በእኛ ዘንድ ዝም በይ ማለት የሚሆንበት ጊዜ አለ። ልጅሽ በሕይወት አለች፣ ነገሩም በቀዶ ሕክምና ይስተካከላል፣ ታዲያ ምን ያስለቅስሻል ነው ነገሩ። የዚህ ልጅ ወላጅ መሆን ከሁሉ በላይ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። ለቅሶህ ምክንያት የለውም ተብሎ አስቀድሞ ተፈርዶበታል። ሆድ ይፍጀው ብለህ ትቀመጣለህ።

መልስ 3 ከባሕር ዳር ነው። የዚችኛዋ ልጅ አሁን 9 ዓመቱ ነው። ነርሷ ከቀዶ ሕክምና ክፍል አቅፋ ስታመጣላት የእኔ አይደለም ብላ ልትመልሰው ነበር። ፊቱ አብጧል፣ የስፌቱ ክር ይታያል፣ የማታውቀው ልጅ ነው። ያመነችው ካልሲውን አይታ ነው። አንዱ ካልሲ አውራ ጣቱ ላይ ተቀዶ ነበር፣ ጠዋት ልትሰፋው አስባ ጊዜ አጥታ የተወችው። ከዚያ በኋላ አንድ ሳምንት ሙሉ የሰው ልጅ የምታሳድግ ይመስላት ነበር። ለባሏም አልነገረችም። ዘጠኝ ዓመት ቆይታ መናገሯ ነው፣ ያውም ለማታውቃት ሴት።

መልስ 4 ቀልደኛ ሰው ነው። ጺሙን የተላጨ ቀን የገዛ ልጁ አይቶት እንደጮኸና ሁለት ቀን እቅፉ አልገባም እንዳለ አወራ። ከዚያ ቁም ነገሩን ጣል አደረገ። አንድን ፊት ከአራት ወር በላይ ሌት ተቀን ስታይው ከርመሽ በሦስት ሰዓት ውስጥ ሲቀየርብሽ ባትደነግጪ ነበር የሚያስፈራው ዓይነት። ክሩ ላይ የመጀመሪያዋ ትክክለኛ መልስ ይቺ ናት ብዬ ነው የማስበው።

መልስ 5 የራሷ የክሩ ባለቤት ነው። ረዥም ነው፣ ነጠላ ሰረዝ የለው አራት ነጥብ የለው። እንደገባኝ ከሆነ ነገሩ እንዲህ ነው። ዛሬ የናፈቃትን ያንን ፊት አንድ ወር ሙሉ ማየት አልቻለችም ነበር። የወለደች ዕለት ማዋለጃ ክፍሉ በአንዴ ጸጥ አለ። ወንድ ይሁን ሴት የነገራት የለም። ጠቅልለው ይዘዋት ሲወጡ ሞታለች ብላ ነበር። ከዚያ የአራስ ቤቱ መጣ። ገንፎ ይገነፋል፣ ጠያቂ ይገባል፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ ይባላል። ሕፃን ፊቱ በነጠላ መሸፈኑ በእኛ ዘንድ ወግ ነው፣ ዓይን እንዳይገባው ተብሎ። ለምን ሸፈንሻት የሚል የለም። እሷ ደግሞ አስተማሪ ናት፣ በቡዳ አታምንም። ግን አንዲት ጠያቂ የነጠላውን ጫፍ ልታነሳ እጇን በዘረጋች ቁጥር፣ ተዪው እትዬ፣ ዓይን ይገባታል እያለች እጇን ትይዝ ነበር። የነጠላው ጥለት ሁሌ ወተት ወተት ይሸት ነበር፣ የምታጠጣት ግማሹ በአፍንጫዋ ይመለስ ስለነበር። ሌሊት ሌሊት ያንን ጥለት ታጥባለች። ጠዋት ያልደረቀውን መልሳ ታለብሳታለች። አሁን ታዲያ ያንን ፊት በመናፈቋ አፍራለች። በነበረበት ጊዜ ሸፍኜው ምን መብት አለኝ ነው የምትለው።

እዚህ ላይ አራተኛው ታክሲም አለፈኝ።

መልስ 6 አንዲት ትልቅ ሴት ናቸው፣ ልጄ እያሉ ነው የሚጽፉት። አነጋገራቸው ለስላሳ ነው፣ ነገሩ ግን ይወጋል። እርጉዝ ሆነሽ ያማረሽ ነገር ሳትበዪ ቀርተሻል ወይ ብለው ጠየቋት። በእሳቸው አገር ሥጋ አምሯት በጾም ምክንያት ሳትበላ የቀረች ሴት የወለደችውን ያውቃሉ። ወይ ደግሞ በቀትር ወንዝ ወርደሽ ይሆናል አሉ። ክፉ ሴት አይደሉም። ጥያቄው ግን ወዴት እንደሚያደርስ አላዩትም።

መልስ 7 ነርስ ናት፣ ሁሉም ሲስተር እያሉ ነው የሚጠሯት። እሳቸውን በአክብሮት አረመቻቸው። አምሮት ከንፈር አይሰነጥቅም። የሕፃኑ ከንፈር የሚገጥመው ከ4ኛው እስከ 7ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ነው፣ ትናጋው ደግሞ ከ6ኛው እስከ 9ኛው። ብዙ ሴት በዚያ ጊዜ ማርገዟንም አታውቅም። በዓለም ላይ ከ700 ሕፃናት አንዱ ገደማ እንዲህ ሆኖ ይወለዳል። ምክንያቶቹን ስትዘረዝር ዘር፣ ሲጋራ፣ አልኮል፣ አንዳንድ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች እና እርጉዝ ሴት በእንክብል የምትወስደው ቫይታሚን፣ የፎሊክ አሲድ እጥረት አለች። ሁሉም በደንብ የተጻፈ ነው። ወደ 40 ሰው ወደደላት።

መልስ 8 የክሩ ባለቤት ናት፣ ሁለት መስመር ብቻ። ሳምንቱን ቆጠረችው። በ6ኛው ሳምንት የአጎቷ ልጅ ሠርግ ላይ ነበረች። ጠጅ ጠጥታለች። የፎሊክ አሲድ እንክብሉንም ያኔ አልጀመረችም ነበር።

ይቺን ሳነብ ልቤ ስንጥቅ አለ። ያቺ ትልቅ ሴት የሰጧት ጥፋት ቀን አልነበረውም። ሲስተር የሰጠቻት ግን ቀን አለው፣ ቦታ አለው፣ ብርሌ አለው። እርማት ሁሉ አያጽናናም። የእኔም ሚስት እንደዚሁ ቀን ስትቆጥር ነው የከረመችው፣ የቀን መቁጠሪያው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነበርና አንድ ቀን አውርጄ ቁም ሣጥን ሥር ከተትኩት።

መልስ 9 የእኔ ነው። ስለ አባት የሚያወራ ስላልነበረ ነው የጻፍኩት። ልጄ ሲወለድ የእኔ ሥራ ወጪ መሸፈን ነው ብዬ የትርፍ ሰዓት ሥራ ላይ ተጠመድኩ። እውነቱን ለመናገር ቤት መግባት ፈርቼ ነው። ዘመዶቼ በእኛ ዘር እንዲህ ያለ ነገር የለም ሲሉ ዝም አልኩ። ያቺ ዝምታ ሚስቴን ከምን በላይ እንዳቆሰለቻት ያወቅኩት ዘግይቼ ነው። ልጁ ትናጋው ሳይዘጋ አፉን ፈታ። ትናጋ ክፍት ሲሆን አየሩ በአፍንጫ ስለሚያመልጥ ለ«በ» ድምፅ የሚሆን ግፊት አፍ ውስጥ አይጠራቀምም፣ በ ሊል ብሎ መ ይወጣል። ስለዚህ እኔ አባባ ሳልሆን አማማ ነበርኩ። እናቱንም አማማ፣ እኔንም አማማ። ሰው ይስቃል። እኔም እስቃለሁ፣ ከዚያ በረንዳ ላይ እወጣለሁ። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በንግግር ሕክምና ብዙ ወር ከደከመ በኋላ አንድ ቀን ጫማዬን ሳስር ከኋላዬ አባባ አለኝ። ዞሬ ማን መጣ ብዬ በሩን ነው ያየሁት። አሁንም አማማ የሚለው ድምፁ ናፍቆኛል። ይኸው ጻፍኩት።

መልስ 10 ሲስተር ከሁለት ሰዓት በኋላ ተመልሳ መጣች። ይቅርታ ጠየቀች፣ ሰበብ አልደረደረችም። እንክብሉን ሁሉ በሰዓቱ የዋጡ፣ አልኮል የሚባል በአፋቸው ያልዞረ እናቶች እንዲህ ያለ ልጅ ሲወልዱ በዓይኗ አይታለች። ብዙውን ጊዜ በዘር የሚመጣና ሌላም ነገር አብሮ ተደራርቦ ነው፣ በአንድ ልጅ ላይ ይሄ ነው ምክንያቱ ብሎ ጣት መቀሰር አይቻልም። ፎሊክ አሲድም ዕድሉን ሊቀንስ ይችላል እንጂ ዋስትና አይደለም። ከዚያ ማንም ያልጠየቃትን ተናገረች። ማዋለጃ ክፍሉ ጸጥ የሚለው ባለሙያዎቹ ምን እንደሚሉ ስለሚጠፋቸው ነው። እሷ ራሷ ስንት ጊዜ ጠቅልላ ወጥታለች።

ቀጥሎ ክሩ ባሕር ተሻገረ። መልስ 11 ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር ናት። እሷ ያወቀችው በ20ኛው ሳምንት አልትራሳውንድ ላይ ነው። ተዘጋጅታ ጠበቀች፣ አነበበች፣ ሐኪሞቹን አስቀድማ አገኘች። ግን የቀረው እርግዝና ደስታ የሚባል አልነበረውም። አዲስ አበባ ላሉ እናቷ እስክትወልድ አልነገረቻቸውም፣ በቪዲዮ በደወሉ ቁጥር ሆዷን ብቻ እያሳየች ትስቅ ነበር። እዚያ የቀዶ ሐኪሙ፣ የጥርስ ሐኪሙ፣ የንግግር ባለሙያዋ አብረው ነው የሚያዩሽ። ከእነሱ ጋር የተቀመጠች አንዲት የሥነ ልቦና ባለሙያ ስለ ልጁ ጠይቃ ስትጨርስ አንቺስ እንዴት ነሽ አለቻት። የሚመልስ አፍ አጣች።

መልስ 12 ተቆጣ። እናንተ እዚያ ሁሉ ነገር በእጃችሁ፣ እኛ እህቴን ከነልጇ አውቶቡስ ላይ ሁለት ቀን አንገላተን አምጥተን ክብደቱ አልሞላም ተብለን ነው የተመለስነው አለ። መልስ 13 እሷም አልተኛችለትም። ኀዘን በራሽን አይታደልም፣ የእኔ እንባ ከእህትህ እንባ ላይ የሚቀነስ አይደለም ዓይነት መለሰች። ትንሽ ከረር ብላለች፣ ግን አልፈረድኩባትም። መልስ 14 አስታራቂ ሽማግሌ ሆኖ ገባ። ቀዶ ሕክምናው እዚህም በነፃ እንደሚሠራ፣ አዲስ አበባ የካቲት 12 ሆስፒታል የንግግር ሕክምናም አብሮ እንደሚሰጥ፣ ኪዩር የሕፃናት ሆስፒታልም እንደሚሠራ ነገራቸው። ከዚያ ይህን ሕክምና የሚረዱትን ሁለት ድርጅቶች፣ ኦፕሬሽን ስማይልንና ስማይል ትሬንን፣ ቀላቀላቸው። ሌላው በመልስ 15 አረመው። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1982 የተጀመረ ነው፣ ሁለተኛው በ1999፣ ስማይል ትሬን ደግሞ የአገሬውን ሐኪሞች ማሠልጠንና መደገፍ ላይ ነው ትኩረቱ። ደህና፣ ጥሩ እርማት ነው። ደሴ ያለችው ሴት ግን ይሄን አልጠየቀችም።

የክብደቱ ነገር ግን ሌላ ሰው ቀሰቀሰ። መልስ 16 በክብደት ምክንያት ሁለት ጊዜ የተመለሰች እናት ናት። ለከንፈሩ ቀዶ ሕክምና ብዙ ሐኪሞች የሚከተሉት አሮጌ ደንብ አለ፣ ቢያንስ 10 ሳምንት፣ 10 ፓውንድ፣ የደም ማነስ መኖሩን የሚያሳየው ሄሞግሎቢን 10። 10 ፓውንድ 4.5 ኪሎ ገደማ ነው። ትናጋው የተከፈለ ልጅ መሳብ አይችልም፣ ጡቱን አፉ ውስጥ ይዞት ይርበዋል። እሷ ጡቷን እያለበች በቡና ሲኒ ጠርዝ ጠብ ጠብ ታደርግለት ነበር፣ ቀና አድርጋ አቅፋ፣ በመሀል በመሀል እያስገሳች። አንዱ መመገብ ሳያልቅ ሌላው ይደርሳል። በዚያ ላይ ሚዛኑ አለ። ልጁን ሚዛን ላይ ሲያስቀምጡት እሷ የምትመዘን ነው የሚመስላት። መርፌው 4 ላይ ሲቆም ወደቅሽ የተባለች ያህል አንገቷን ደፍታ ትወጣለች። ሦስተኛው ላይ ሲያልፍ እልል ያለችው ካርድ ክፍሏ ናት፣ እናትየውማ ቁጭ ብላ ነው ያለቀሰችው።

መልስ 17 እና 18 ስለ ዱቄት ወተት ዋጋና ስለ ጡጦ ነው። አንዱ ለስላሳ ተጨምቆ የሚወጣ ጡጦ ይሻላል አለ፣ ሌላዋ ሲኒው ይሻላል አለች፣ ትንሽ ተናቆሩ። ዘለልኩት። መልስ 19 ግን አቆመኝ። ልጇ ከንፈሩ ደህና ነው፣ ትናጋው ብቻ ነበር የተከፈለው። እንዲህ ያለው በአልትራሳውንድም በቀላሉ አይታይም፣ ሲወለድም አፉን ከፍቶ በባትሪ ያየ ከሌለ ያልፋል። አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ ወተት የላትም ተብላ አጥሚት በላይ በላዩ ስትጋት ከረመች። ጥፋቱ የጡቷ መሆኑን አምና ነበር።

መልስ 20 ስለ ክርስትና ነው፣ ይሄንን ሌላ ቦታ ሲነገር ሰምቼ አላውቅም። የሴት ልጅ ክርስትና በ80 ቀን ነው፣ ሕፃኗም ትቆርባለች። ይቺ እናት ደግሞ ሰማንያውን ቀን ስትፈራ ነው የኖረችው። ልጅቷ የጠጣችው በአፍንጫዋ ይመለሳል። ቅዱስ ደሙ ቢመለስስ? ለማን ይነገራል? በመጨረሻ የንስሐ አባቷን ደጅ ላይ ጠብቃ ነጠላውን ገልጣ አሳየቻቸው። ከቤተሰብ ውጭ ለሰው ስታሳያት የመጀመሪያዋ ነው። እሳቸው ልጅቷን ተቀብለው ትክ ብለው አይተው ግንባሯን ባረኩና አትጨነቂ፣ ለሰሞነኞቹ እኔ እነግራለሁ አሏት። ዕለቱን ጠብታ ታህል ነው ምላሷ ላይ ያደረጉላት። አልተመለሰም። ከዚያ ወዲህ ነጠላውን ትታዋለች።

መልስ 21 ክሩን ገለበጠችው። 26 ዓመቷ ነው፣ ራሷ እንዲሁ ሆና የተወለደች። ንዴቷ ከፊደሉ ይታያል። ከላይ እስከ ታች አንብቤያችኋለሁ፣ ለቅሶ ቤት ነው የመሰላችሁት፣ የሞተ ሰው የለም፣ እኛ እዚሁ ነን፣ እናነባለን አለች። እኔም ደነገጥኩ፣ መልስ 9ን አስታውሼ። ከዚያ የክሩን ባለቤት በቀጥታ አነጋገረቻት። በቤታቸው ከቀዶ ሕክምና በፊት የተነሳችው አንድ ፎቶ የለም። የወንድሞቿ አለ፣ በየወሩ። የእሷ የሚጀምረው ከስፌቱ ወዲህ ነው። ያቺ የጎደለች ፎቶ ትልቅ ስትሆን ብዙ ነገር ነገረቻት። ስለዚህ እነዚያን ፎቶዎች ሽንት ቤት ውስጥ ተደብቀሽ አትዪያቸው ነው መልእክቷ።

መልስ 22 ሥርዓት ያዢ አላት። እናቶች ቆስለው እያወሩ ጨው አትነስንሺ ዓይነት። መልስ 23 አይ፣ ከሁላችንም በላይ የሚያገባት እሷን ነው አለ። መልስ 24 ስለ ፖለቲካ ነው፣ እንዴት እዚህ እንደደረሰ አልገባኝም።

መልስ 25 ያቺው የ26 ዓመቷ ናት፣ ረገብ ብላ። አንድ ፎቶ አለ ለካ። አምና አክስቷ ዘንድ አግኝታዋለች። የክርስትናዋ ዕለት ነው፣ እናቷ አቅፋታለች፣ ፊቷ በነጠላ ተሸፍኗል። መልስ 5ን ካነበበች በኋላ ያንን ፎቶ አውጥታ እንደገና አየችው። እስከ ዛሬ ታይ የነበረው የተሸፈነውን ነበር። አሁን የእናቷን እጅ አየች፣ ጥለቱን በሁለት ጣቷ ጨብጣ ይዛዋለች። ከዚህ ሌላ አልጻፈችም።

መልስ 26 የክሩ ባለቤት ናት፣ ከሦስት ቀን በኋላ። አሁንም ማልቀሱ አልለቀቃትም፣ ለትናጋው ደግሞ ገና ወራት ይቀራሉ። ፎቶ ቤት ሄዳ ሁለቱን አሳትማለች፣ የድሮውንና የአሁኑን። የፎቶ ቤቱ ልጅ የድሮውን ኮምፒውተሩ ላይ ሲከፍተው ትንሽ ቆየና፣ ከንፈሯን ላስተካክለው ወይ ብሎ ጠየቃት። በደግነት ነው። ዋጋ እንደማይጨምርባትም ነገራት። አይ፣ እንዳለ አትምልኝ አለችው።

መልስ 27 አንድ ፎቶ በስንት አሳተምሽ ብሎ ጠየቀ። እስካሁን የመለሰለት የለም።